ልጄን ሰኞ ሰኞ ስለሚጠራው የሒሳብ ትምህርት

ይድረስ ለዕውቀት በደጅ የኦንላይን ኮሌጅ የሬጅስትራር ኃላፊ፤
አዲስ አበባ።

ደባርቅ፣ ሚያዝያ ፲፫ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

ስምዎን ባለማወቄ በማዕረግዎ ብቻ ስጠራዎት ይቅርታዎን እየለመንሁ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን ጤና፣ የቤተሰብዎን ጤና፣ የጽሕፈት ቤትዎን ጤና፣ በተለይም እንቅልፍ የማያውቀውን፣ በዓል የማይለየውን፣ ሕያውና ሙት የማይመርጠውን የኮምፒውተርዎን ጤና እጠይቃለሁ። እኛ በደባርቅ፣ የስሜን ብርድ እንዳለ ሆኖ፣ ፈጣሪ ይመስገን አለን። «አለን» ስል ሁላችንም ማለቴ አይደለም፤ ይህን ደብዳቤ የማስጽፈውም ስለ ጎደለው ነው።

እኔ መሪጌታ ሃብተ ጊዮርጊስ እባላለሁ። አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ድጓና ባሕረ ሐሳብ ሳስተምር የኖርሁ፣ አሁን ዓይኔ የደከመ፣ የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት ልጅ አባት ነኝ። ሴቷ ኤልሳቤጥ ዳባት ላይ መምህርት ናት፤ እኔ እየተናገርሁ እርሷ ትጽፋለች፣ በየመስመሩም «አባባ፣ እዚህ ላይ በዛ» እያለች ታስቸግረኛለች። ወንዱ ሰይፈ ሥላሴ የእርስዎ ተማሪ ነው። «ነበረ» ማለት ይገባኝ ነበር፤ ነገር ግን የኮሌጅዎ መዝገብ «ነው» ስለሚል፣ በዚህ ዕድሜዬ ከመዝገብ ጋር መሟገት አልፈለግሁም።

ደብዳቤዬን ለሕዝብ ግልጽ ያደረግሁት ልታይ ልታይ ብዬ አይደለም። በዝግ የላክናቸው ሰባት ደብዳቤዎች ሁሉ «ጥያቄዎ ደርሶናል፤ በሁለት የሥራ ቀናት ውስጥ ምላሽ እንሰጣለን» የሚል መልስ ወዲያው አግኝተዋል። እነዚያ ሁለት የሥራ ቀናት ግን ከኅዳር ወር ጀምሮ እስከ ዛሬ አልሞሉም። ባሕረ ሐሳብ ያስተማርሁ ሰው ብሆንም በቀን አቆጣጠሬ ልሳሳት እችላለሁ ብዬ ኤልሳቤጥን አስቆጠርኋት፤ እርሷም ከእኔ ጋር ስለተስማማች ስሕተቱ ወደ እርስዎ ዘንድ ያደላል።

ምስጋናዬንና አቤቱታዬን ለያይቼ ለማቅረብ ሞክሬ አልሆነልኝም፤ ስለዚህ ባንድ ላይ ቀላቅዬ በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ፤ ልጄን ስላስተማራችሁልኝ አመሰግናለሁ። ሰይፈ ሥላሴ የሃያ ሰባት ዓመት ልጅ፣ በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት መረጃ መዝጋቢ ነበር። በስታቲስቲክስ ዲግሪ ለመቀጠል ይህ «ፋይናይት ማቲማቲክስ» የተባለው ትምህርት ግድ ነው ተብሎ፣ ባለፈው መስከረም በስልኩ ተመዘገበ። እኔ እንግሊዝኛ ስለማላውቅ «ውሱን ሒሳብ» ብሎ ተረጎመልኝ፤ ማለቂያ ያለውን፣ ሊቆጠር የሚችለውን ነገር የሚመለከት ሒሳብ ነው አለኝ። አሥራ ስድስት ምዕራፍ ያለው ሆኖ፣ ተማሪው በስምንት ወር ውስጥ በራሱ ፍጥነት እንዲጨርሰው የተፈቀደ ነው።

ምሳ ላይ መጽሐፉን ከፍቶ ገና ያልደረሰበትን ምዕራፍ ያሳየኝ ነበር። አንድ ቀን ቁጥርን በሠላሳ እየገደፉ ትራፊውን ስለ መያዝ የሚናገረውን አሳየኝና፣ ይህንማ አባቶቻችን አበቅቴና መጥቅዕ ሲያወጡበት፣ የፋሲካን ቀን ሲያገኙበት የኖሩት ነው፣ ኮሌጃችሁ ስንት ዘመን ተኝቶ ነው አሁን የነቃው ብዬ ሳቅሁበት። እርሱም ሳቀና እንግዲያውስ የቤት ሥራዬን አንቱ ይሥሩልኝ አለኝ። በቀልድ ነበር። ይህን ቀልዱን ይያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

፪ኛ፤ ለቅሶ ስለደረሳችሁን አመሰግናለሁ። ጥቅምት ፲፱ ቀን ረቡዕ፣ ለዘር ምዝገባ ወደ ቆላ ሲወርድ፣ የተሳፈረባት መኪና ሊማሊሞ ላይ ከመንገድ ወጣች። ከዚህ በላይ አልናገርም፤ ሊማሊሞን የሚያውቅ ያውቀዋል፣ የማያውቀውም ባያውቀው ይሻለዋል። ስልኩ ግን አንድ ጥጉ ብቻ ተሰንጥቆ ደኅና ተገኘ። ፖሊሶች በፌስታል አድርገው አመጡልን፤ ባለቤቴ በለጠችም ማንም እንዳይነካው ብላ ከአጠገቧ አኖረችው።

ጥቅምት ፳፬ ቀን ሰኞ፣ ድንኳን ሳናነሣ፣ ለቀስተኛው ተቀምጦ ሳለ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። ኮሌጅዎ ለሚዘገዩ ተማሪዎች በየሰኞው የሚደውለው የድምፅ መልእክት መሆኑን የተረዳሁት በኋላ ነው። ጎረቤታችን የሺወርቅ ልትዘጋው ስትል ድምፅ ማጉያውን ነካችውና፣ አንዲት ለስላሳ ልጅ ለድንኳኑ ሁሉ እንዲህ አለች፦ «ውድ ተማሪ... ሰይፈ ሥላሴ... ናፍቀውናል። ባለፈው ሳምንት አላየንዎትም። ዛሬውኑ ይመለሱ፤ ቦታዎ እየጠበቀዎት ነው።»

ክቡር ሆይ፣ አልቃሿ ግጥሟን አቋረጠች። ስንቱን ሬሳ የሸኘች፣ ስንቱን ቤት ያስለቀሰች ሴት፣ ነጠላዋን ወደ አፏ አድርጋ ማማተብ ጀመረች። ወንዶቹም ቀና ብለው ተያዩ። በለጠች ከረቡዕ ጀምሮ አንድ ጊዜ እንኳ ድምፅ አውጥታ አላለቀሰችም ነበር፤ በዚያች ሰዓት ጮኸች። ከመሥሪያ ቤቱ ሰዎች በቀር ከመንግሥትም ከግልም ድርጅት መጥቶ ያስተዛዘነን አልነበረምና፣ ከአዲስ አበባ ድረስ በአምስተኛው ቀን የደረሰችልንን የኮሌጅዎን ልጅ ውለታ አንረሳም።

፫ኛ፤ ሞቱን በሥርዓት ለማመልከት መንገድ ስላበጃችሁልን አመሰግናለሁ። ከሰባተኛው ቀን በኋላ ኤልሳቤጥ ወንድሟ ማረፉን ጽፋ ላከች። ትምህርት ለማቋረጥ ተማሪው ራሱ በገጹ ገብቶ «አቋርጣለሁ» የሚለውን መንካት፣ ከተዘረዘሩትም ምክንያቶች አንዱን መምረጥ እንዳለበት ከዚያው «ደርሶናል» ከሚለው መልሳችሁ ግርጌ አነበብን። ገብተን ምክንያቶቹን አየናቸው፤ አራት ናቸው፦ የሥራ መደራረብ፣ የኢንተርኔት ችግር፣ የግል ጉዳይ፣ ወደ ሌላ ተቋም መዛወር። ብዙ ተመካከርንበት። ኤልሳቤጥ «የግል ጉዳይ» ይሻላል አለች፤ እኔ ግን በሃይማኖቴ «ወደ ሌላ ተቋም መዛወር» የሚለው ወደ እውነቱ ይቀርባል ብዬ እርሱን አስነካኋት።

ገጹ ማስረጃ ጠየቀ። ከማዘጋጃ ቤት ያወጣነውን የሞት ምስክር ወረቀት ፎቶ አንሥተን ላክን። በዚያው ቀን መልስ መጣ፤ ሰነዱ ተቀባይነት እንዲኖረው ባለጉዳዩ ወረቀቱን ከአገጩ ሥር ይዞ፣ ፊቱ በግልጽ እየታየ፣ ዓይኑን ገልጦ፣ በቅርብ የተነሣውን ፎቶ እንዲልክ አዘዛችሁ። ኤልሳቤጥ ይህን አንብባልኝ ስልኩን አስቀምጣ ወደ ውጭ ወጣች፤ እኔም ያን ቀን እህል አልቀመስሁም። አጥብቆ ጠያቂ የእናቱን ሞት ይረዳል ይባላል። የእርስዎ ኮሌጅ ግን ሰባት ጊዜ ተረድቶም አልሰማ አለ፤ እኛ አገር እንዲህ ያለውን ሰው መርዶ ነጋሪ ይዞ ሽማግሌ ሰብስቦ በማለዳ ይሄዱበታል፣ ኮምፒውተርዎ ግን የትኛው ሰፈር እንደሚያድር የሚነግረን አጣን።

፬ኛ፤ እንግዲህ ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ የራሴን ጥፋት ሳልደብቅ አቀርባለሁ።

በእኛ ዘንድ አንድ ጸሐፊ መጽሐፍ እየጻፈ በመካከል ቢያርፍ ብራናው አይጣልም። ከወገኑ ወይም ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ፣ የሟቹ ቀለም ካቆመበት መስመር ተነሥቶ ይፈጽመዋል። በመጨረሻው ገጽ ላይም «ወጠኖ እገሌ፣ ወፈጸሞ እገሌ» ብሎ፣ የጀመረውንም የጨረሰውንም ስም ጽፎ፣ አንባቢ ለሁለቱም እንዲጸልይ ይለምናል። አባቴ የጀመረውን ዳዊት የፈጸምሁት እኔ ነኝ። ጅምር ብራና በቤት ውስጥ አስቀምጦ ዝም ማለት ሟቹን ደጅ አቁሞ እንደ መተው ይቆጠራል።

ልጄ ከአሥራ ስድስቱ ምዕራፎች አምስቱን ሠርቶ ነበር። አሥራ አንዱ ቀሩ። የቤት ሥራዬን ይሥሩልኝ ያለኝ ትዝ አለኝ፤ ከአርባው በኋላም ጀመርሁ። ኤልሳቤጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ከዳባት እየመጣች እንግሊዝኛውን በአማርኛ ትነግረኛለች፣ ቁጥሩን ግን አስተርጓሚ አላስፈለገኝም። ኮሌጁ ይህን ይከለክላል ብሎ የነገረኝ አልነበረም፤ ቢነግረኝም ኖሮ፣ ሟችን ከነጅምሩ መተውን የሚያዝዝ ሕግ ይኖራል ብዬ የማምን ሰው አልነበርሁም።

ቤታችን ከከተማው ጫፍ፣ ከጉብታው ጀርባ ስለሆነ የስልክ ጥሪ ይገባል እንጂ ኢንተርኔት አይዝም። የሚይዘው በደብራችን ቅጽር፣ ከምሥራቁ ግንብ ሥር ነው። ልጄም ያለው እዚያው ነው፤ ስምንት እርምጃ ያህል ወረድ ብሎ። ከጸሎት መልስ ከግንቡ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ በኤልሳቤጥ ስልክ ገጹን ስከፍት፣ ከሁሉ አስቀድሞ ተማሪው ያለበትን ስፍራ መርምሮ «ሰይፈ ሥላሴ፣ ቦታዎ ተረጋግጧል» ይላል። ኤልሳቤጥ የመጀመሪያውን ቀን ይህን ስታነብልኝ ዞር ብዬ አየሁ። ማንም አልነበረም፤ ነፋሱ አዲሱን አፈር ያንከባልል ነበር።

ከዚያ ወዲህ ግን፣ ልክደው አልችልም፣ ያ ቃል በመጣ ቁጥር አንድ ሰው ከኋላዬ ቆሞ በትከሻዬ በኩል የምሠራውን የሚመለከት ይመስለኛል። ስሳሳት እንደ መሳቅ ይላል። ምሳ ላይ ስሳሳት ይስቅብኝ እንደነበረው ነው። በካህናት መካከል የሸመገለ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ማመን ቀርቶ መናገር እንደማይገባው አውቃለሁ፤ ለንስሐ አባቴም ነግሬ ቀኖናዬን ተቀብያለሁ። ቢሆንም በማግስቱ ተመልሼ እዚያው ድንጋይ ላይ እቀመጥ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር፣ ወደ መጨረሻ ላይ የምሄደው ለሒሳቡ ብቻ አልነበረም።

ያ ምሳ ላይ የሳቅንበት ምዕራፍ ሲደርስ «መቶ ሠላሳ ሁለት በሠላሳ ሲገደፍ ስንት ይተርፋል» የሚል ጥያቄ መጣ። ይህ እኮ የዘንድሮው አበቅቴ ነው፤ ወንበር የሚባለው የዓመቱ ቁጥር አሥራ ሁለት፣ በአሥራ አንድ ሲባዛ መቶ ሠላሳ ሁለት፣ በሠላሳ ሲገደፍ አሥራ ሁለት ይተርፋል። ኤልሳቤጥ ጥያቄውን አንብባ ሳትጨርስ መለስሁ። ኮምፒውተርዎ «ያልተለመደ ፍጥነት» ብሎ ቀይ ምልክት አደረገብኝ። እኔ ለዚያች መልስ ከልጅነቴ ጀምሮ ስዘጋጅ የኖርሁ ነኝና ፈጠንህ መባሉን እንደ ምርቃት ቆጠርሁት።

በምዕራፍ አሥራ ሦስት አንዲት አይጥ ከክፍል ወደ ክፍል ስትዘዋወር የሚያሳይ ሥዕል አለ። ክፍሎቹ አራት ናቸው። ሦስቱ እርስ በርሳቸው በር አላቸው፤ አራተኛው መግቢያ እንጂ መውጫ የለውም። ጥያቄው አይጧ ብዙ ከተዘዋወረች በኋላ በመጨረሻ የት ትገኛለች የሚል ነው። ሠንጠረዡን ሠርቼ አባዛሁ፤ ያገኘሁትን ደግሜ አባዛሁ። መልሱ፣ የትም ትጀምር የት፣ ውላ አድራ አራተኛው ክፍል ትገባለች፣ ከገባችም ወዲያ የመውጣቷ ዕድል ዜሮ ነው የሚል ሆነ። ኮምፒውተርዎ «ትክክል» ብሎ አረንጓዴ ምልክት አደረገልኝ። ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስሁ። መጽሐፍ ቅዱስ ሲነግረኝ የቻልሁትን ነገር ያ አረንጓዴ ምልክት ሲነግረኝ አልቻልሁም።

በሦስተኛው ቀን፣ ሰኞ፣ ይህንኑ ትምህርት የሚሰጠው ኮሌጅ ለልጄ ደውሎ «ዛሬውኑ ይመለሱ» አለው። ክቡር ሆይ፣ ወይ መጽሐፉን ያርሙት፣ ወይ ልጅቷን ያስተምሯት፤ ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ ለእኛ ለገጠሬዎቹ ከበደን።

፭ኛ፤ ልጄን ስለከሰሳችሁልኝ አመሰግናለሁ። መጋቢት መጨረሻ ላይ አሥራ አንዱንም ምዕራፍ ፈጸምሁ፤ ከመቶ ሰማንያ ዘጠኝ መጣ። በመጨረሻው ገጽ «የተማሪው አስተያየት» የሚል ክፍት ቦታ አገኘን። ኤልሳቤጥ ይቅርብን ብላኝ ነበር፤ እኔ ግን ስም ሳይጻፍበት የሚዘጋ መጽሐፍ አላውቅም ብዬ በግእዝም በአማርኛም አስጻፍኋት፦ «ወጠኖ ሰይፈ ሥላሴ፣ ወፈጸሞ አቡሁ ሃብተ ጊዮርጊስ። የጀመረው ሰይፈ ሥላሴ፣ የጨረሰው አባቱ ሃብተ ጊዮርጊስ ነው። ያነበባችሁ ሁሉ ለሁለታችን ጸልዩ።» ያን ቀን ከጥቅምት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እፎይ አልሁ። ልጄ ከደጅ ገባ አልሁ።

ጸሎቱ በሦስተኛው ቀን መጣ። «በተማሪ ሰይፈ ሥላሴ ላይ የማጭበርበር ክስ ተከፍቷል። ተማሪው ሥራውን ሌላ ሰው እንደሠራለት በጽሑፍ አምኗል። እስከ ሚያዝያ ፲፱ ቀን በአካል ቀርቦ ካላስረዳ፣ በማጭበርበር የተባረረ ተብሎ በቋሚ መዝገቡ ይጻፋል፤ ለመሥሪያ ቤቱም በደብዳቤ ይገለጻል።» ሚያዝያ ፲፱ መንፈቁ ነው፤ ስድስተኛ ወሩ። ያን ዕለት በአካል ለመቅረብ ሌላ ቀጠሮ አለበት፤ ካህናቱ ስሙን በፍትሐት የሚያነሡበት ቀን ነው።

እዚህ ላይ ቀልዴን እተወዋለሁ፤ የሚያመኝ ይህኛው ነውና። ልጄ በምዕራፍ አምስት ያገኘው ከአሥር አራት ነው፤ መዝገብዎን ገልጠው ይዩት። በዚያ ሳምንት ከእርሱ ጋር የተመዘገበ የሥራ ባልደረባው ስማቸው የተባለው ልጅ መልሱን ሁሉ በስልክ ልኮለት ነበር። ስማቸው ራሱ በለቅሶው ላይ እያለቀሰ ነገረን። መልእክቱ እስከ ዛሬ ሳይከፈት ስልኩ ውስጥ አለ። ልጄ አራት ይዞ ሲመጣ ሰነፍ ብዬ ተቆጣሁት፤ እርሱም ስለ መልእክቱ አንዲት ቃል ሳይነግረኝ ሳቀና አለፈ። እንግዲህ ያን ልጅ ነው አጭበርባሪ ብላችሁ ልትጽፉት ያሰባችሁት። ያንንም ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ በገዛ እጄ፣ በክብር አስቀምጠዋለሁ ብዬ፣ ስሙን በመጨረሻው ገጽ ላይ ጻፍሁና አሳጣሁት። ይህን ሳስብ ሌላ ነገር ማሰብ አልችልም።

፮ኛ፤ ስድስተኛውን ለመጻፍ አልፈለግሁም ነበር፤ ኤልሳቤጥ ናት ካልተጻፈ እጄን ከወረቀቱ አላነሣም ያለችው። ስለ በለጠች ነው።

ስልኩን ማጥፋት አይቻልም ነበር ወይ የሚል ሰው አይጠፋም። በለጠች አላስነካ አለች። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሰኞን ትፈራው ነበር። ከልደት በዓል ወዲህ ግን ጥሪውን ትጠብቀው ጀመር። ሰኞ ሰኞ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ፊቷን ታጥባ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ስልኩን ፊቷ አድርጋ ትቀመጣለች። ልጅቷ «ውድ ተማሪ» ብላ ትንሽ ቆም ትላለች፤ ከዚያ ስሙን ትጠራለች፤ በለጠችም በእርሱ ፈንታ «አቤት» ትላለች። በአገራችን ላልታወቀ ጠሪ አቤት ማለት ይፈራል፤ ይህን ነግሬ ተዪ ብላት፣ እናንተ ሁላችሁ ልጄን በ«ነበር» ትጠሩታላችሁ፣ በ«ነው» የምትጠራው እርሷ ብቻ ናት አለችኝ።

ሚያዝያ ፭ ቀን የማዕዶት ሰኞ ነበረ። የፋሲካ ማግስት፣ ነፍሳት ከሲኦል ወደ ገነት የተሻገሩበትን የምናስብበት ዕለት ነው። በዚያ ቀን መልእክታችሁ ለበዓሉ ተለውጦ መጣ፦ «ውድ ተማሪ... ሰይፈ ሥላሴ... እንኳን ለትንሣኤ በዓል አደረሰዎ። አልረፈደም፤ ዛሬም ተነሥተው መቀጠል ይችላሉ።» በለጠች አቤት ብላ ተነሣች። ሣጥኑን ከፈተች፤ ካፖርቱን፣ ሹራቡን፣ ሁለቱን ሸሚዞች አውጥታ ፀሐይ ላይ አሰጣቻቸው። ምን እያደረግሽ ነው ብላት፣ አልረፈደም ተብሏል፣ ቢነሣ እንዳይበርደው ነው አለች። በልቧ ታውቃለች፤ አብዳም አይደለም። ግን ክቡር ሆይ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ልብሱ አልገባም፤ እኔም ከጸሎት ስመለስ ከሩቅ ካፖርቱን ባየሁ ቁጥር እርምጃዬን አፈጥናለሁ።

እንግዲህ የምለምነው አጭር ነው። ሰማንያ ዘጠኙን ውሰዱት። እኔ የሠራኋቸውን አሥራ አንዱን ምዕራፎች ፋቁ፤ ማጭበርበር ከተባለም በእኔ ስም ይጻፍ፣ ስሜን ከነማዕረጌ ፊርማዬ ላይ አኑሬላችኋለሁ። የእርሱን አምስት ምዕራፎች ግን ከነአራቷ ተዉለት። ከአምስተኛውም ሥር አንድ ቃል ጻፉለት፤ «ሞተ» ብላችሁ። ከምክንያቶቻችሁ ዝርዝር ውስጥ እንደሌለ አውቃለሁ፤ አምስተኛ አድርጋችሁ ብትጨምሩት፣ ከልጄ በኋላ ለሚመጡትም ይጠቅማል።

በአካል ይቅረብ ለተባለው ግን እርሱ ወደ እናንተ መምጣት አይሆንለትምና፣ ሚያዝያ ፲፱ ቀን ሰኞ እናንተ ወደ እርሱ ብትመጡ በታላቅ ክብር እንቀበላችኋለን። አድራሻ አልጽፍም፤ ቦታውን ኮምፒውተርዎ ከኅዳር ወር ጀምሮ ሠላሳ አራት ጊዜ አረጋግጦታል። ከተረጋገጠው ቦታ ስምንት እርምጃ ወረድ ሲሉ ያገኙታል። አንድ ቀንም ከዚያ አልተንቀሳቀሰም።

የመዝገብዎ ገጽ እንዲበዛ፣ ኮምፒውተርዎ እንዳይደክም፣ የሥራ ቀናትዎም ሁለት እንዲሞሉልዎ ከልብ እየተመኘሁ፣ ከእግርዎ ሥር ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣው፣ በትምህርትዎ ከመቶ ሰማንያ ዘጠኝ አግኝቼ ያጭበረበርሁት፣ የተማሪ ሰይፈ ሥላሴ አባት፣

መሪጌታ ሃብተ ጊዮርጊስ
ከደባርቅ

የተረሳ ነገር፤ ደብዳቤው ካለቀ በኋላ ለበለጠች አነበብንላት። ለእርስዎ የጻፍሁትን ሁሉ ሰምታ ምንም አልከፋትም፤ ልጅቷን ያስተምሯት ያልሁት ላይ ግን ተቆጣችኝ። ከዚያ ሁሉ ኮሌጅ «ናፍቀውናል» ያለችው እርሷ ብቻ ናት፣ በእኔ ነገር ከእንጀራዋ እንዳትፈናቀል ብላ ለምናለች። ማሽን ናት ብለን ብንነግራትም፣ እንግዲያውስ ከሰዎቹ ማሽኗ ትሻላለች አለች። የምትለምነው ይህን ነው፦ ሚያዝያ ፲፱ ቀን፣ በአራት ሰዓት፣ ልጅቷ እንደ ልማዷ ትደውል፣ ስሙንም ትጥራ፤ «ይመለሱ» በምትልበት ቦታ ግን «ነፍስ ይማር» ትበል። ያን ዕለት በለጠች አቤት አትልም። ልብሱን ታስገባለች፣ ስልኩንም እኔ እዘጋዋለሁ።